ቦታ ያዝልኝ ብዬው በእኔ ስም ስለበረረው ባሌ

የለም፣ አውሮፕላን ፈርቼ አይደለም የቀረሁት። ማንም እንዳልጠየቀኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ በዓይኑ ስለሚጠይቀኝ ቀድሜ ልመልስ ብዬ ነው። ጎረቤቴ ባለ ሱቋ ሳሙና ስታቀብለኝ እንኳ «ልባቸው ከድቷቸው ነው» በሚል ዓይን ነው የምታየኝ። ልቤ አልከዳኝም። ልቤም እግሬም፣ ያው እግር ከተባለ፣ በሰዓቱ በራችሁ ላይ ነበሩ። እምቢ ያለው የእናንተ ኮምፒውተር ነው። ይኼ ይያዝልኝና አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ፤ ያለ ሰላምታ ነገር የምጀምር ባለጌ አይደለሁም።

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የመንገደኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣ ሰፊው ወንበርዎ ላይ ባሉበት፤

ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ ደህና ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይ ዓይንዎ? ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? አብረዎት ነው ያሉት? ዛሬ ጠዋት ትተዋቸው የወጡበት ቦታ ላይ ማታ ያገኟቸዋል? እሰይ፣ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ጤና የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ጤና ያጣ ሰው እናንተ ቤት እንዴት እንደሚያዝ አይቼ መጥቻለሁና ለጠላቴ እንኳ አልመኘውም። ለእርስዎ ግን ገና እያሰብኩበት ነው።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጉልበቴን የበላው ፔዳሉ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ወልጄ ከጨረስኩ በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፣ የእናንተም አሠራር ተንጋድዶ እኔ ታግሻለሁ። ባሌ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ሰፈሩ «አባ እሺ» ነው የሚለው፤ ተቀመጥ ሲሉት እሺ፣ ተነሣ ሲሉት እሺ፣ በተለይ ኮፍያና ደንብ ልብስ ያለው ሰው ከተናገረው ነገሩን ሳይሰማ እሺ ብሎ ይጨርሳል። ሲያገባኝም እሺ ብሎ ነው፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

እኛ ቤት ሥራ የተከፋፈለው እንዲህ ነው፦ እኔ እሮጣለሁ፣ እሱ ቦታ ይይዛል። ክሊኒክ ይሁን፣ የውሃ ወረፋ ይሁን፣ የአውቶቡስ ሰልፍ ይሁን፣ እሱን አስቀምጬ «እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትል፣ ሰው ከጠየቀህ ሰው አለበት በል» እለውና ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። አንድ ጊዜ የመብራት ክፍያ ሰልፍ ላይ አቁሜው ዝናብ መጣና ሰዉ ሁሉ ተበተነ፣ ገንዘብ ተቀባዩም መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። እኔ ስመለስ እሱ ከተዘጋው መስኮት ፊት ለፊት ብቻውን በስብሶ ቆሟል። «ምን ታደርጋለህ አንተ ሰው?» ብለው፣ «አንደኛ እኮ ነን» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሰጠኋችሁ። ሰዓት ብሰጣችሁ፣ ጃንጥላ ብሰጣችሁ አይገርመኝም ነበር፤ ንቅንቅ የማይል ሰው ሰጥቻችሁ ነው የጠፋባችሁ።

ሽርሽሩን ያሰበችው ትልቋ ልጄ ናት። እኛ በተጋባን ማግስት እሱ ተረኛ ነበር፣ እኔም የሰው ልብስ ደርሶብኝ ነበር፤ ጫጉላ ሲባል ከሰው አፍ ነው የምንሰማው። «እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሁለታችሁ ብቻችሁን ባሕር ፊት ለፊት ቁጭ በሉ» ብላ ባሕር ማዶ ሆቴል ያዘችልን። እኔም ከአንድ ጣቃ ሰማያዊ ባለ ነጠብጣብ ጨርቅ ለእኔ ቀሚስ፣ ለእሱ ሸሚዝ ሰፋሁ። አማቼ አይቶን «ብትጠፋፉ በቀላሉ ትገኛላችሁ» ብሎ ሳቀ። አፉን ይቁረጠውና።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ሻንጣ የምትቀበለዋን፣ ቅንድቧ በእርሳስ የተሠራውን ልጅ ስለ አክብሮቷ አመሰግናለሁ። ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥተን፣ ሻንጣ ስንጎትት ነግቶ፣ እሷ ፊት ስንደርስ ጉልበቴን አየችና ከእኔ ራስ በላይ አሻግራ ልጄን «ይሰማሉ?» አለቻት። «እሰማለሁ የኔ እመቤት፣ ቅንድብሽ ወደ ላይ ሲወጣ ሳይቀር ይሰማኛል» አልኳት። ያ ቅንድብ ግን አልወረደም፤ እንደተሠራ ነው የሚቀረው መሰለኝ። ዊልቸር አዘዘችልኝ። አልፈልግም አልኩ፣ ልጄ ትፈልጋለች አለች፣ የተሰማው የልጄ ነው። ወንበሩ ላይ ስሜን የጻፉበት ካርድ አንጠለጠሉና ሱቅ መስታወት ውስጥ ዋጋው እንደተንጠለጠለበት ጫማ ሆኜ ተገፋሁ። ልጄ ከበሩ ወዲህ ቀረች፤ እጇን እያውለበለበች ታለቅስ ነበር። «ለሽርሽር ነው የምንሄደው፣ ምን ያስለቅስሻል?» ብዬ ተቆጣኋት። አሁን ሳስበው ከሁላችን ያወቀችው እሷ ናት።

ሁለተኛ። ፓስፖርት የሚመታበት ጋ ሁለታችንም ማኅተም ተመታልንና ከአገር ወጥታችኋል ተባልን። ወንበሬን የሚገፋው ጎረምሳ የእኔን ፓስፖርትና የመሳፈሪያ ወረቀት ተቀብሎ ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ኪስ ውስጥ ሸጎጠው። «የወንበር ሰው ወረቀት ከወንበሩ ጋር ነው የሚሄደው፣ አሠራራችን ነው» አለኝ። የባሌን ግን እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ እሱ እጅ የገባ ወረቀት አይበረክትም፣ ሰው ከጠየቀው እሺ ብሎ ይሰጣል። ይችን ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡርነትዎ፤ የእኔ ወረቀት ወንበሩ ኪስ፣ የእሱ ወረቀት የእኔ ቦርሳ። አሠራራችሁን ለማስረዳት ይኼ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ ደግሞ ፍተሻው ነው። ልብስ ሰፊ ሴት መርፌዋን የምትሰካው ኮሌታዋ ላይ ነው፤ የእኔን ከነ ክሩ ነቀሉብኝ። «ለደህንነትዎ ነው» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ያን መርፌ ይዤ ብገባ ኖሮ ምን ይደርስብኝ እንደነበር ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ባሌን ቀበቶህን ፍታ አሉት፣ እሺ፤ ጫማህን አውልቅ፣ እሺ፤ ኮትህን፣ እሺ። ከዚያ በቃ የሚለው ሰው ስለጠፋ የሸሚዙን ቁልፎች ይፈታ ጀመር። ፈታሿ ለጓደኛዋ በክርኗ ምልክት ሰጥታ አፏን ይዛ ሳቀች። «ልበስ!» ብዬ ከወዲያ ጮኽኩ። እሺ አለ። ያችን ልጅ እግዜር በእርጅናዋ እንዲህ የሚስቅላት ሰው አያሳጣት።

አራተኛውን ዝለሉት፣ ስለ ምግቡ ነበር፤ ምግብ ካልነው ነገሩ ይረዝማል።

አምስተኛ። በረራው ዘገየ ተባለ። እሺ፣ ዘመናዊ ነገር ይዘገያል። ግን ወንበረኞቹን በሙሉ በረድፍ ደርድራችሁ፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ፣ ፍሬን ይዛችሁ ሄዳችሁ። አንዲት ዓይኗ የማያይ አሮጊት ብቻ ናት ያልተከፋችው። እኔ እምለው፣ ያረጀ ሰው ግድግዳ ማየት ይወዳል ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው? ወይስ ከወዲሁ እንድንለምደው ነው? ከኋላችን ሰው ይስቃል፣ ይበላል፣ አውሮፕላን በመስታወቱ ይታያል፤ እኛ ቀለም ስንቆጥር ዋልን። ባሌ ከጎኔ ቆሞ የሚያየውን ይነግረኝ ነበር። «አሁን አንድ ትልቅ ተነሣ» ይለኛል። «አሁን ደግሞ አንድ ትንሽ መጣ።» እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ የቀረችኝ ደግ ሰዓት ያቺ ናት፣ እሷንም ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው ያሳለፍኳት።

ከዚያ መጸዳጃ ቤት አስፈለገኝ። ገፊው የለም። ወንበሩ በመጸዳጃው በር አይገባም፤ ወንበሩንና በሩን የገዛው ሰው አንድ ቀን ቢተዋወቁ ጥሩ ነው። እያነከስኩ ልሄድ ተነሣሁ፣ ግን አንዲት ዳሌ ሰፊ መንገደኛ ከወንበሬ ላይ ዓይኗን አልነቅል አለች። እንደለመድኩት ባሌን «ቁጭ በልበት፣ እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትል» አልኩት። «ሰው ከጠየቀኝ?» አለ። «ሰው አለበት በላ!» አልኩት። እሺ አለ።

በዚህ መሃል ገፊዎቻችሁ ተራ ተቀያየሩ። አዲሱ መጣ፣ ካርዱን አነበበ፣ ስሜን ጮክ ብሎ ጠራ። ስሜ የሴት ስም ነው፤ እናቴ ስታወጣልኝ ምንም አላምታታችም። ባሌ ደግሞ ጢም አለው። ትንሽ ጢም እንዳይመስልዎ፣ ሁለት ቦታ ቢከፍሉት ለሁለት ሰው የሚበቃ ጢም ነው። ገፊው ካርዱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ሰውየውን አላየም። «እንሂድ» አለው። ደንብ ልብስ ለብሷል፣ ኮፍያም አለው። ባሌ ምን ይበል? እሺ አለ።

ኋላ በስልክ «እንዴት ዝም ብለህ ትሄዳለህ?» ብዬ ስጮህበት ምን እንዳለኝ ልንገርዎ። «እኔ አልተንቀሳቀስኩም» አለኝ። «የሄደው ወንበሩ ነው።»

ስመለስ ወንበርም የለ፣ ባልም የለ። ዳሌ ሰፊዋ ሌላ ወንበር አግኝታ ተቀምጣለች፤ «ወሰዷቸው» አለችኝ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ መጥቶ እንደወሰደው ነገር። ያን ሁሉ መንገድ ግድግዳ እየያዝኩ መሳፈሪያው በር ደረስኩ። ስድስተኛው ምስጋናዬ እዚያ ለቆመው ባለ ከረባት ሰውዎ ነው፤ እሱን በደንብ ነው የማመሰግነው።

ስሜን ነገርኩት። ኮምፒውተሩን አየና «ገብተዋል» አለኝ። «የት?» አልኩት። «አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ቦታዎ ላይ ተቀምጠዋል» አለ። «እኔ ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ» አልኩት። «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ተሳፍረዋል ነው የሚለው።» በዚያው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው የባሌን ስም ይጠራል፤ የመጨረሻ ጥሪ፣ በማውቀውም በማላውቀውም ቋንቋ። «እሱ ነው የገባው፣ የቀረሁት እኔ ነኝ!» አልኩ። «አይ፣ እሳቸው ናቸው የቀሩት፣ እርስዎ ገብተዋል» አለ። ቦርሳዬን ፈትቼ ያለኝን ወረቀት ሰጠሁት፤ ያለኝ የባሌ ነው። ያን ጊዜ፣ ክቡርነትዎ፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናንተ ወገን አንድ ሰው ፎቶና ፊት አስተያየ። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። «ይኼማ ወንድ ነው» አለኝ። ጎበዝ! እንዲህ ያለ ዓይን ይዛችሁ ቆይታችሁ ለእኔ ነው የቆጠባችሁት?

«ግቡና እዩት» ብዬ ለመንኩት። ለምኜ አላውቅም፤ ለመንኩት። «ጢም ያለው ሰው በእኔ ቦታ ተቀምጧል፣ ጠይቁት» አልኩ። በሩ ተዘግቷል አለ። ከዚያ ለጓደኛው ዓይኑን ጠቀሰና «እማማ፣ ምናልባት እኮ ጥለውዎት ሄደው ይሆናል» አለኝ። ሳቁ። ሰልፍ የያዙት የሌላ በረራ ሰዎችም ሳቁ። እኔ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም፣ የሰፈር ሰው ይመስክር፤ ያን ጊዜ ግን ጠፋኝ። መስታወቱ ጋ ሄጄ በመዳፌ መታሁት። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። በየትኛው መስኮት እንዳለ እንኳ አላውቅም፣ ለሁሉም አውለበለብኩ።

መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፣ እርስዎ ያድርሱልኝ። አንተ ባለ ከረባት፣ እኔን የጣለኝ ሰው የለም፤ አንተን ግን ቀን ጠብቀው የሚጥሉህ ብዙ ናቸው፣ እንዲያ ስትስቅ የድድህን ቀለም አይቻለሁና የምትጥልህ ሚስትህ ከሆነች አልፈርድባትም። ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ፣ አንተ ያልኩት እሱን ነው። እርስዎን ገና አላልኩም።

ሰባተኛ፣ ወይ ስምንተኛ፣ ጠፋብኝ፤ ወደ ቤቴ መመለሱ ነው። ማኅተም ተመትቶብኝ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ ለመግባት ፓስፖርት አምጪ ተባልኩ። ፓስፖርቴ በደመና ላይ እየሄደ ነው። ልጄ መጥታ እናቴ ናት ብላ እስክትምል ድረስ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። በዚያ ላይ የባሌን ሻንጣ አስረከቡኝ፤ ሰውየው ስላልተሳፈረ ሻንጣው ለደህንነት ሲባል ወርዷል ተባለ። የእኔ ሻንጣ ግን ሄዷል፣ እኔ ተሳፍሬያለሁና። ስለዚህ አሁን ባሌ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ከእኔ ቀሚሶች ጋር ነው፣ እኔ ደግሞ ከሱሪዎቹ ጋር። ሥርዓት ማለት ይኼ ነው።

መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው ነግሮኛል። አስተናጋጇ «ወይዘሮ» እያለች ነው የጠራችው፣ እሺ ብሏል። ከተሰጠው ምግብ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ለእኔ አስቀምጧል። ከጎኑ ያለው የገዛ ራሱ ቦታ ባዶ ስለነበር አንድ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «ሰው አለበት» ብሎ ከልክሏል። ሲያርፉም በወንበር ገፉት፣ ወረቀቱን ከወንበሩ ኪስ አውጥተው ሰጡለት፣ የእኔን ፎቶ አዩ፣ ማኅተም መቱለት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት የለውም መሰለኝ፤ ለካ ባሕር ማዶም ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ለስልኬ መልእክት ልካችሁልኛል፦ «ከእኛ ጋር ስለተጓዙ እናመሰግናለን፣ ጉዞዎ እንዴት ነበር?» ለስላሳ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም። ለባሌ ደግሞ ስላልተሳፈረ የመመለሻ ቲኬቱ ተሰርዟል ብላችኋል። ልጄ ደውላ «አባቴ እዚያ ነው፣ በምን ይመለስ?» ስትል፣ «ያልሄደ ሰው መመለሻ የለውም» ተባለች። የእኔስ? የእኔ አለ፣ ጸንቷል፣ መቼም ልመለስበት እችላለሁ፣ ካልሄድኩበት አገር። እናንተ ቤት ሰው አብዶ አልጨረሰም? በሰላም ነው የምትውሉት?

ባሌ ግን መመለሻው አላሳሰበውም፤ እሱን የያዘው ሌላ ነው። የሆቴሉ ሠራተኛ ልጅ በስልኳ በምስል ደውላ አሳየችን። አሸዋው ላይ ሁለት ረጃጅም ወንበሮች አሉ፣ አንዱ ላይ እሱ ተቀምጧል፣ አንዱ ላይ ያ ሰማያዊ ባለ ነጠብጣብ ቀሚሴ ተዘርግቷል። ጠዋት ይመጣል፣ ቀሚሴን ያነጥፋል፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይነሣም። ጥላ ሥር ግባ ይሉታል፣ እምቢ ማለት የማያውቀው ሰውዬ እምቢ ይላቸዋል! አፍንጫው ተልጧል፣ ግንባሩ ቆስሏል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የሆቴሉ ልጅ ታለቅሳለች። «ግባ አንተ ሰው፣ ልትሞት ነው» ብዬ ብጮህ፣ ድምፄን ሰምቶ ፈገግ አለ። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ሰዎች ወንበሩን እየጠየቁኝ ነው። ሰው አለበት ብያለሁ።»

እስክመጣ ንቅንቅ እንዳትል ያልኩት እኔ ነኝ። በስልክ «ተነሣ» ማለቴን አይቆጥረውም፤ መምጣት ነው ያለብኝ። እሱን የማውቀው እኔ ነኝና ካልደረስኩለት እዚያ ወንበር ላይ ይደርቃል። ይኼን ልጄ ለሠራተኞችዎ በልመናም በቁጣም ነግራለች። መልሱ ምን ሆነ? ባሌ በእናንተ ጥፋት ስለቀረ በጣም አዝናችሁ፣ ዛሬ በሌላ በረራ በነፃ ልትወስዱት ወሰናችሁ፤ ሽማግሌ ስለሆነም መኪናና ወንበር እቤቱ ድረስ ትልካላችሁ። «እሱ እኮ እዚህ የለም» ትላለች ልጄ። «ኮምፒውተሩ አሉ ይላል» ይሏታል። በመጨረሻ እኔ ራሴ ስልኩን ተቀበልኳትና «ተይ ልጄ፣ አታድክሚያቸው። ይምጡ» አልኳት።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ነገር የለም። ካሣ አልፈልግም፣ ይቅርታችሁም ይቅርብኝ፣ የገፊዎቻችሁን ዓይን እንዳታስመረምሩ ብቻ አደራ። ገፊው ካርዱንና ወንበሩን ብቻ እንዲያይ ያደረገ አሠራራችሁን አንድ ቀን እንኳ እንዳታሻሽሉት፣ ቢያንስ ዛሬን። ልጄ ይኼን ደብዳቤ ለሕዝብ የምታወጣው ደህና ገባሁ ብዬ ስደውልላት ነው። የሚመጡትን ልጆች ግን እንዳይቀጧቸው፤ ደንባችሁን ነው የሚያከብሩት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እጅ ነሥቼ፣ ጉልበት ቢኖረኝ ተንበርክኬ፤

በኮምፒውተርዎ ባሕር ዳርቻ የተንጋለልኩት፣ በቤቴ ወጥ የማማስለው፣ ከሄድኩበት ያልተመለስኩ፣ ወደ ሄድኩበት ያልሄድኩ፣ ለእርስዎም እንደዚሁ መዋያና ማደሪያዎ እስኪጠፋዎ ድረስ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

የአባ እሺ ሚስት

ረስቼው፦ የእርስዎ እናት በሕይወት ካሉ አንድ ቀን በዊልቸራችሁ ይላኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሯቸው ከጎናቸው ቆሞ የሚነሣውን የሚነግራቸው ሰው ግን አብረው ይላኩ፤ እናንተ ቤት አይገኝም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ዛሬ ጠዋት ያን ሰማያዊ ሸሚዝ ከሻንጣው አውጥቼ ለበስኩት። ትከሻው ትንሽ ሰፋኝ እንጂ እጁ ልክ ነው፤ ከአንድ ጣቃ ነው የተቆረጠው አላልኩዎትም? ባርኔጣውንም ደፍቻለሁ፣ ፓስፖርቱም ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። የጎደለኝ ጢሙ ብቻ ነው፣ እሱም በዚህ ዕድሜዬ ራሱ እየመጣልኝ ነው። ያ ባለ ከረባትዎ በር ላይ ከቆመ ደግሞ…

ልጄ ከውጭ ተጣራች። «እማዬ፣ ወንበር ይዘው መጥተዋል፤ አባዬን ነው የሚጠሩት።»

እሺ።